የተጎታች ቤት ማቀዝቀዣ በጉዞ ላይ ስለ ምን ይሞቃል?

በአውሮፓ ቤተ ሰብ ለሽርሽር ሲወጣ በመኪና የሚጎትተው፣ ካራቫን የተባለ ባለጎማ ቤት አለ። ማቀዝቀዣው አብዛኛውን ጊዜ በጋዝ፣ በቤት ኤሌክትሪክ ወይም በመኪናው 12 ቮልት ይሠራል። የሚያስገርመው ግን ብርዱን የሚያስገኘው ሙቀት መሆኑ ነው፤ ሙቀቱ አሞኒያውን ከውሃው ለይቶ ያዘዋውረዋልና። ስለዚህ በመንገድ ላይ ኃይሉ ቢያንስ ሥጋውና የሕፃኑ ወተት ይበላሻል።

ብዙ ሰው ማቀዝቀዣውን ሳያበራ ለክቶ «12 ቮልት አለ» ይላል። ይህ ልክ ያታልላል። መለካት የሚገባው ሞተሩም ማቀዝቀዣውም እየሠሩ፣ ሽቦው ከማቀዝቀዣው ጋር በሚገናኝበት ስፍራ ነው። ሽቦው ቀጥኖ ወይም የስፒናው እግር ዝጎ 0.2 ኦም ብቻ ቢያግድ፣ በ12 ቮልት 120 ዋት የሚሰጠው ማሞቂያ ወደ 88 ዋት ይወርዳል። ስፒናው ሲዳሰስ የሚሞቅ ከሆነ ኃይሉ የሚባክነው እዚያ ነውና ይጠረግ። ጥፋቱ የሽቦው ከሆነ ግን በወፍራም ከመለወጥ በቀር መላ የለውም፤ ይኸውም ብዙዎች የሚዘነጉትን የመመለሻ ሽቦ ጨምሮ ነው።