የጉድጓዳችን ውኃ ምን ያህል ነው? ስለ ከርሰ ምድር ውኃ ልኬትና አጠባበቅ

ጎጃም የውኃ አገር መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጮቄ ተራራ ጨሞጋ፣ ጀደብ፣ ሙጋ፣ ሱሃና ሌሎችም ብዙ ወንዞች ይነሳሉ፤ ውኃቸውም በመጨረሻ ዓባይ ይገባል። በደብረ ማርቆስ አካባቢ በዓመት 1,300 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ይዘንባል። ይሁን እንጂ በዚሁ አገር መጋቢትና ሚያዝያ ሲደርስ እናቶችና ልጃገረዶች ውኃው በሸሸ ጉድጓድ ዙሪያ ጀሪካን ደርድረው ሲጠብቁ እናያለን። ይህ ለምን ይሆናል?

መልሱ ቀላል ነው። ከዝናቡ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ነው። በቀሩት ወራት የምንጠጣው ምድር በሆዷ ያስቀመጠችልንን ነው። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ ምን ያህል ዘነበ ሳይሆን ምን ያህሉ ሰረገ፣ ምን ያህሉን ቀዳን፣ የቀረውስ ንጹሕ ነው ወይ የሚል ነው። ይህንን ማወቅ የባለሙያ ሥራ ብቻ ይመስለናል። ትልቁ ክፍል ግን በራሳችን እጅ ሊሠራ የሚችል ነው።

ውኃው የት ተቀምጧል?

ብዙ ሰው ከመሬት በታች የሚፈስ ወንዝ ወይም ትልቅ ሐይቅ ያለ ይመስለዋል። በጎጃም ደጋ ግን ከሥር ያለው እሳተ ገሞራ ከሚሊዮን ዓመታት በፊት ያፈሰሰው ጥቁር ድንጋይ፣ ማለትም ባዛልት ነው። ውኃው የሚገኘው በዚህ ድንጋይ ስንጥቆችና ከላዩ ባለው በበሰበሰው ክፍል ውስጥ ነው። አንዱ ጎረቤት በ8 ሜትር ውኃ ሲያገኝ ሌላው 15 ሜትር ቆፍሮ ደረቅ አለት የሚያጋጥመው ከዚህ የተነሳ ነው። የክረምቱ ዝናብ በአፈሩ ሰርጎ ስንጥቆቹን ይሞላል፤ በበጋ ደግሞ ቀስ እያለ በምንጭና በወንዝ ዳር ይወጣል።

እንግዲህ ልብ እንበል፤ በየካቲት በወንዝ ውስጥ የምናየው ውኃ በዚያ ሳምንት የዘነበ ዝናብ አይደለም። ከከርሰ ምድር የወጣ ነው። የበጋው ወንዝ ሲቀንስ የከርሰ ምድሩ ጎተራ እየጎደለ ነው ማለት ነው።

የጨሞጋ ወንዝ ምን ያስተምረናል?

ይህንን የሚያሳይ ጥናት በደብረ ማርቆስ አቅራቢያ በጨሞጋ ተፋሰስ ተደርጓል። ወልደአምላክ በውቀትና ጌርት ስተርክ እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት ከ1960 እስከ 1999 የነበረውን የዝናብና የወንዝ መረጃ አነጻጽረዋል። በእነዚያ ዓመታት የበጋው ወራት ዝናብ በጠቅላላው ግልጽ ለውጥ ሳያሳይ የበጋው የወንዝ ፍሰት ግን ቀንሷል። ወንዙ እጅግ በሚያንስበት በፌብሩዋሪ ወር (ከጥር መጨረሻ እስከ የካቲት ሦስተኛ ሳምንት) ዝናቡ በ55 በመቶ ሲቀንስ ፍሰቱ በ94 በመቶ ወርዷል።

አጥኚዎቹ ለዚህ የጠቀሱት ምክንያት የተፈጥሮ ዕፅዋት መጨፍጨፍ፣ የእርሻ ወደ ተዳፋት መስፋፋት፣ ከልክ ያለፈ ግጦሽና የባሕር ዛፍ መብዛት ነው። በተራቆተ ተዳፋት ላይ የወረደ ዝናብ ለመስረግ ጊዜ አያገኝም፤ አፈሩን ይዞ ይሄዳል። ይህ የታወቀው ለ40 ዓመት ያህል ልኬት ስለ ተመዘገበ ነው። መዝገቡ ባይኖር ኖሮ ሁላችንም «ዝናቡ ቀረ» ብለን እናልፈው ነበር።

በገመድና በደብተር

ጎረቤታችን በሆነው በአዊ ዞን፣ ዳንግላ ወረዳ፣ ዳንግሽታ ቀበሌ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ገበሬዎች ራሳቸው የዝናብን መጠን፣ የወንዝን ከፍታና የጉድጓዶችን የውኃ መጠን እየለኩ መዝግበዋል። ከእንግሊዝ አገር ከኒውካስል ዩኒቨርሲቲ የመጡና አብረዋቸው የሠሩ ተመራማሪዎች በ2016 ባሳተሙት ጽሑፍ የገበሬዎቹ ልኬት ከመደበኛ ምንጮች መረጃ የማያንስ አስተማማኝ መሆኑን አረጋግጠዋል።

እኛስ እንዴት እንጀምር? ረጅም ገመድ ወስደን በየግማሽ ሜትሩ እንቋጥርና ጫፉ ላይ ክብደት እንሠር። ገመዱን በክሎሪን ውኃ አጥበን በሳምንት አንድ ቀን፣ ጠዋት ማንም ሳይቀዳ፣ ውኃው እስኪነካ ወደ ጉድጓዱ እናውርደው። ከጉድጓዱ አፍ እስከ ውኃው ያለውን ርቀት ከቀኑ ጋር በደብተር እንጻፍ። ጠዋት የሆነበት ምክንያት ሌሊቱን ውኃው ተመልሶ ስለሚሞላ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ የዘንድሮው ሚያዝያ ከአምናው የተሻለ ወይም የከፋ መሆኑን በግምት ሳይሆን በቁጥር እናውቃለን።

ጉድጓዱ ለስንት ሰው እንደሚበቃም ማስላት ይቻላል። ለምሳሌ ወርዱ 1.2 ሜትር የሆነ ጉድጓድ ውኃው በአንድ ሜትር እስኪወርድ ብንቀዳ 1,130 ሊትር ያህል ወጥቷል ማለት ነው። ያ አንድ ሜትር ተመልሶ ለመሙላት 5 ሰዓት ከፈጀበት ጉድጓዱ በሰዓት 226 ሊትር፣ ማለትም ወደ 11 ጀሪካን ይሰጣል። በ12 ሰዓት 2,700 ሊትር ገደማ ነው። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ለገጠር በተቀመጠው መለኪያ መሠረት ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር ብንል ለ108 ሰዎች ይበቃል። ነገር ግን ይህ ፈተና መደረግ ያለበት በመስከረም ሳይሆን በሚያዝያ ነው። በመስከረም ሁሉም ጉድጓድ ሙሉ ነው።

ብዛቱ ብቻ ሳይሆን ጥራቱም

በስምጥ ሸለቆ አካባቢ ትልቁ ችግር ፍሎራይድ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን ብዙ ጉድጓዶች ከዚያ ያልፋሉ። በጎጃም ደጋ ግን ውኃው ብዙውን ጊዜ ጨውነት የሌለው ጣፋጭ ነው። እዚህ የሚያሰጋን ከሰውና ከከብት ዓይነ ምድር የሚመጣው ተሕዋስ ነው። ይህ ደግሞ በዓይን አይታይም፤ ጥርት ያለ ውኃም ሊያሳምም ይችላል። በመለኪያው መሠረት በ100 ሚሊ ሊትር የመጠጥ ውኃ ውስጥ አንድም ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ መገኘት የለበትም።

ምርመራውን የወረዳው ውኃ ጽሕፈት ቤት ወይም ጤና ጣቢያ እንዲያደርግልን መጠየቅ እንችላለን። ውኃው በእጅጉ የሚበከለው የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ቆሻሻውን ጠራርጎ ሲያወርድ ስለሆነ በበጋ መጨረሻና በክረምት መግቢያ ማስመርመሩ መልካም ነው። እስከዚያው ግን በዓይናችን እንመርምር። መጸዳጃ ቤት ከ30 ሜትር ባነሰ ርቀት አለ ወይ? ከጉድጓዱ ከፍ ብሎስ የተሠራ ነው ወይ? ሲሚንቶው ተሰንጥቋል ወይ? የፈሰሰው ውኃ ዙሪያውን ያቁራል ወይ? ባልዲውና ገመዱ መሬት ላይ ይጣላሉ ወይ? አጥር አለው ወይ? ክዳንስ? «ችግር አለ» የሚል መልስ በበዛ ቁጥር አደጋው ይጨምራል፤ አብዛኛውም በአካፋና በጥቂት ሲሚንቶ የሚስተካከል ነው።

ኃላፊነቱ የማን ነው?

በአዋጅ ቁጥር 197/1992 መሠረት የአገሪቱ ውኃ የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት ነው። በእጅ ለሚቆፈር ጉድጓድ ግን ፈቃድ አያስፈልግም። ስለዚህ በአንድ መንደር 20 ሰው ቢቆፍርና ግማሹ ሞተር ፓምፕ ተክሎ ሽንኩርትና ድንች ቢያጠጣ፣ ተስማምቶ ልክ የሚያበጀው መንደሩ ራሱ ነው። በዘፍጥረት 26 የይስሐቅን ታሪክ ያነበበ ሰው የጉድጓድ መደፈንም ሆነ በጉድጓድ መጣላት የዛሬ ነገር እንዳልሆነ ያውቃል።

ኅብረተሰቡ ኃላፊነት ሲሰጠው እንደሚችል በክልላችን ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1994 የተጀመረው የኢትዮጵያና የፊንላንድ የገጠር ውኃ አቅርቦት ፕሮግራም ከ2003 ጀምሮ ገንዘቡን በአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም (በዛሬው ፀደይ ባንክ) በኩል በቀጥታ ለመንደር የውኃ ኮሚቴዎች መስጠት ጀመረ። ኮሚቴዎቹ ዕቃውን ገዙ፣ ግንበኛውን ቀጠሩ፣ ሥራውን ተቆጣጠሩ። የራሳቸው ስለሆነም ጠበቁት።

በአብያተ ክርስቲያናት የልማት ክፍሎችና በቅን ወገኖች ስጦታ ጉድጓድ ሲመረቅ ደስ ይለናል። ነገር ግን የምረቃው ቀን የሥራው መጀመሪያ እንጂ መጨረሻው አይደለም። ደብተር የሚይዝ ሰው ይመረጥ። ለመለዋወጫ የሚሆን ገንዘብ በየወሩ ይዋጣ። ከመጋቢት ጀምሮ ውኃው ከተስማማንበት ቋጠሮ በታች ሲወርድ የሞተር ፓምፕ ይቁም፤ መጠጥ ከመስኖ ይቅደም። ባሕር ዛፍ ከምንጭ ራስ ይራቅ። ከጉድጓዱ በላይ ባለው ተዳፋት እርከንና የውኃ ማስረጊያ ጉድጓድ ይሠራ፤ በሐምሌ ያስቆምነው ጎርፍ በሚያዝያ የምንቀዳው ውኃ ነውና።

ገመዱና ደብተሩ ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም። በዚህ ሳምንት መጀመር እንችላለን።