ኪንታሮት ካንሰር አይሆንም፤ ደምን ግን አይናቁ

«ኪንታሮት ሳይታከም ከቆየ ወደ ካንሰር ይቀየራል» የሚለው ወሬ ከአፍ ወደ አፍ መዛመቱን አላቆመም። ስሕተት ነው፤ አደገኛ ስሕተት። ኪንታሮት ፊንጢጣ አካባቢ ያበጠ ደም ሥር ነው፤ የአንጀት ካንሰር የሚነሳው ከአንጀት የውስጥ ሽፋን ነው። አንዱ ሌላውን አይወልድም። ወሬውን ያመነ ሰው ግን ኪንታሮቱን በቅባት ወይም በቅጠል ሲያስታግስ ከካንሰርም ያመለጠ ይመስለዋል። ሁለቱም በአንድ ሰው ላይ በአንድ ጊዜ ሊገኙ ይችላሉ።

ካንሰሩ በአብዛኛው ፖሊፕ ከሚባል ትንሽ እባጭ ተነስቶ በዓመታት እንደሚያድግ ብዙ ተጽፏል። ብዙ ያልተወራለት፣ ምልክቱ እንደ ቦታው መለያየቱ ነው።

ትልቁ አንጀት አንድ ሜትር ተኩል ያህል ይረዝማል። ከትንሹ አንጀት ፈሳሽ ይረከብና ውኃውን እየመጠጠ ያጠጥረዋል። የቀኙ ክፍል ሰፊ ነው፤ የሚያልፍበትም ገና ፈሳሽ ስለሆነ ዕጢ መንገድ ሳይዘጋ ሊገዝፍ ይችላል። በግራ በኩል አንጀቱ ጠበብ፣ ሰገራውም ጠጠር ይላል። ስለዚህ እዚያ ያለ ዕጢ ቶሎ ያስታውቃል፦ ድርቀትና ተቅማጥ ይፈራረቃሉ፤ ሰገራ ይቀጥናል፤ ደም ይታያል። ወደ ፊንጢጣ ከቀረበ ደግሞ ተጸዳድተው ከተነሱ በኋላም ያልጨረሱ ያህል ይሰማል።

በቀኝ በኩል የሚደማው ግን ከሰገራ ጋር ተዋሕዶ ረጅም መንገድ ስለሚጓዝ በዓይን ላይታይ ይችላል። ሒሳቡን እንየው። አንድ ሚሊ ሊትር ደም ግማሽ ሚሊ ግራም ያህል አይረን ይይዛል። በቀን አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ማለትም 5 ሚሊ ሊትር ቢፈስ 2.5 ሚሊ ግራም አይረን ወጣ ማለት ነው። ሰውነት ከምግብ በቀን የሚወስደው ከ1 እስከ 2 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። ወጪው ከገቢው የሚበልጥ ቤት ጎተራው እንደሚራቆት፣ የሰውነትም ክምችት በወራት ውስጥ ይሟጠጣል። ሰውየው ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ፊቱ ይገረጣል፤ ሆዱን ግን አላመመውም። አለማመሙ ዋስትና አይደለም፤ ፖሊፕ ሲቆረጥ እንኳ ሕመም አይሰማም፤ አንጀት የሚያመው ሲወጠር ነው።

ስለዚህ ወንድ ወይም የወር አበባዋ የቆመ ሴት በአይረን እጥረት ደም ሲያንሳቸው፣ እንክብል ሰጥቶ መሸኘት አይበቃም። ደሙ የሚፈስበት ቦታ መፈለግ አለበት።

በእርግጥ ምልክቱ ከታየባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ካንሰር የለባቸውም። በአገራችን ሁክዎርም የሚባለው የአንጀት ትል ደም ይመጥጣል፤ አሜባም ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ያመጣል። የሰገራ ምርመራ መቅደሙ ተገቢ ነው። ሕክምናው አልቆ ምልክቱ ከቀጠለ ግን ያንኑ መድኃኒት ደጋግሞ መዋጥ ጊዜ ማባከን ነው።

የአንጀት ካንሰር በዕድሜ በገፉት ላይ ቢበዛም ወጣቶችን አይተውም፤ ተዋናዩ ቻድዊክ ቦስማን በ2020 እ.ኤ.አ. ያረፈው በ43 ዓመቱ ነው። ምርመራ በ45 ወይስ በ50 ይጀመር የሚለው የባለሙያዎች ክርክር ምልክት የሌለበትን ሰው ይመለከታል። ምልክት ያለበት ሰው ዕድሜ አይቆጥርም።

ከሦስት ሳምንት በላይ የዘለቀ የሰገራ ለውጥ፣ ደም፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ክብደት መቀነስ ወይም ድካም ካለ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ኮሎኖስኮፒ አንጀቱን በካሜራ ከማየት አልፎ ፖሊፕ ከተገኘ እዚያው ቆርጦ ያወጣል። ከወላጅ፣ ከወንድም ወይም ከእህት በዚህ ሕመም የተያዘ ካለም ሐኪሙ እስኪጠይቅዎ አይጠብቁ፤ ይንገሩት።