የሌሊትን ሰማይ ከምድር ጋራ በአንድ ሥዕል ስለ ማንሣት

እግዚአብሔር ለሰው ልጅ ሁሉ ያለ ዋጋ ከሰጠው ሀብት አንዱ የሌሊት ሰማይ ነው። በከተማ የሚኖረው ሹምም ሆነ በበረሓ ከብቱን የሚጠብቀው እረኛ ዓይናቸውን ወደ ላይ ባነሡ ጊዜ የሚያዩት ሰማይ አንድ ነበረ። በዛሬው ዘመን ግን ነገሩ ተለወጠ። እረኛው አሁንም ከዋክብት እንደ አሸዋ ፈስሰው ያያል፤ በትልቅ ከተማ የተወለደው የሹም ልጅ ግን ከመብራቱ ብዛት የተነሣ ጥቂት ነጠላ ከዋክብትን ቈጥሮ ይተኛል።

ይህንን ነገር ስናስብ፥ አባትና እናት ከልጆቻቸው ጋራ ሆነው ሊሠሩት የሚገባ፥ ዓይንንም አእምሮንም የሚያሠለጥን አንድ ጥበብ መኖሩን ለአንባቢዎቻችን ለመግለጽ ወደድን። ይኸውም የሌሊቱን ሰማይ ከምድሪቱ መልክ ጋራ፥ ማለት ከተራራው፥ ከዛፉ፥ ከቤተ ክርስቲያኑ ጕልላት ጋራ በአንድ ላይ አድርጎ ፎቶግራፍ ማንሣት ነው።

የፎቶግራፍ ጥበብ በዓለም የተገለጸው እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1839 ዓመት ነው። ከዚህም በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው። ጥበቡ በተገለጸ በዓመቱ፥ በ1840፥ ጆን ዊልያም ድሬፐር የሚባል ሊቅ በኒው ዮርክ ከተማ የጨረቃን መልክ በብር በተለበጠ ሰሌዳ ላይ አነሣ። በ1850 ደግሞ በአሜሪካ በሃርቫርድ የከዋክብት መመልከቻ ቤት ዊልያም ቦንድና ጆን አዳምስ ዊፕል ቬጋ የምትባለውን ኮከብ አነሡ፤ የዚህችም ኮከብ ብርሃን በሰሌዳው ላይ እስኪታተም ድረስ 100 ሴኮንድ ያህል መጠበቅ ግድ ሆነባቸው። ከዚያም በ1880 የጆን ድሬፐር ልጅ ሄንሪ ድሬፐር፥ ኦሪዮን በሚባሉት ከዋክብት መካከል ያለውን ብሩህ ደመና ለመጀመሪያ ጊዜ በፎቶግራፍ አሳየ። አባት ጨረቃን ባነሣ በ40 ዓመት ልጁ ከጨረቃ እጅግ የራቀውን አነሣ ማለት ነው። ጥበብን ለልጁ የሚያወርስ አባት ከመሬትና ከቤት የሚበልጥ ርስት እንደሚተው ይህ አንድ ማስረጃ ነው።

በ1889 ደግሞ ኤድዋርድ ባርናርድ በካሊፎርኒያ ሊክ በሚባለው የከዋክብት መመልከቻ ቤት ፍኖተ ሐሊብን፥ ማለት በሰማይ ላይ እንደ ፈሰሰ ወተት ሆኖ የሚታየውን የከዋክብት መንገድ፥ በመልካም አኳኋን አነሣ። የሚያስደንቀውም ነገር፥ ለዚህ ሥራ ያገለገለው ሌንስ አስቀድሞ የሰዎችን ፊት ለማንሣት የተሠራ መሆኑ ነው።

እነዚህ ሥዕሎች ለዕውቀት ከፍ ያለ ጥቅም ሰጥተዋል። ነገር ግን ሰማይ ብቻውን የተነሣ እንደ ሆነ አገር የለውም፤ ከየት ሆኖ እንደ ታየ ተመልካቹ ሊያውቅ አይችልም። በግርጌው የታወቀ ተራራ ወይም የታወቀ ቤት የገባበት እንደ ሆነ ግን ሥዕሉ ምስክር ይሆናል። በየትኛው ቦታ፥ በየትኛው ወር፥ በስንት ሰዓት እንደ ተነሣ ለሚያስተውል ሰው ይናገራል።

ለዚህ ምሳሌ የሚሆነን አንሰል አዳምስ የሚባለው አሜሪካዊ ያነሣው ሥዕል ነው። ይህ ሰው በኒው ሜክሲኮ አገር ሲጓዝ ሄርናንዴዝ በምትባል መንደር ላይ ጨረቃ ወጥታ፥ የማታዪቱም ፀሐይ በመቃብሩ ስፍራ ያሉትን መስቀሎች ስታበራ አየ። የብርሃን መለኪያውን ፈልጎ ቢያጣ፥ የጨረቃን የብርሃን መጠን በቃሉ ያውቅ ነበርና በዚያው አስልቶ አንድ ጊዜ አነሣ፤ ሁለተኛ ሊያነሣ ሲሰናዳ ብርሃኑ ከመስቀሎቹ ላይ ጠፋ። ሥዕሉ በዓለም ዝነኛ ሆነ፤ ነገር ግን አንሺው ራሱ ዓመቱን አንድ ጊዜ እንዲህ፥ ሌላ ጊዜ እንዲያ እያለ ይናገር ነበር። በ1991 ዴኒስ ዲ ቺኮ የሚባል የከዋክብት ነገር ዐዋቂ የጨረቃይቱን ስፍራ ከምድሪቱ መልክ ጋራ አስተያይቶ ቢያሰላ፥ ሥዕሉ ኖቬምበር 1 ቀን 1941 በእኛ የሰዓት አቈጣጠር ከቀትር በኋላ በ10 ሰዓት ከ49 ደቂቃ እንደ ተነሣ አገኘ። ባለቤቱ የረሳውን ቀን ሰማይና ምድር ተባብረው መሰከሩ።

በአገራችን ለዚህ ሥራ የሚሆን ቦታ የት ነው ብሎ የሚጠይቀን ቢኖር፥ ከብዙዎቹ መካከል የስሜንን ተራሮች እንጠቅሳለን። ይህ ስፍራ በ1978 በዓለም ቅርስ መዝገብ መጀመሪያ ከተጻፉት ቦታዎች አንዱ ነው፤ የራስ ዳሸንም ጫፍ ከ4500 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። በዚያ ከፍታ አየሩ ስስ ስለ ሆነ፥ በበጋም ደረቅ ስለ ሆነ፥ የከዋክብት ብርሃን ብዙ ሳይደክም ወደ ዓይን ይደርሳል። በገደሉ አፋፍ ላይ ቆሞ የሚታየው ጅብራ፥ ጥላው በከዋክብቱ ፊት ሲያርፍ፥ ሥዕሉ የማን አገር እንደ ሆነ ማንም ሳይነግረው ያውቃል።

ጊዜውን መምረጥ የሥራው እኩሌታ ነው። የፍኖተ ሐሊብ ብሩህ እምብርት በእኩለ ሌሊት ከፍ ብሎ የሚታየው በሰኔ ነው፤ በዚያ ጊዜ ግን ሰማያችን በክረምት ደመና ይሸፈናል። ስለዚህ በአገራችን የሚሻለው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ከሌሊቱ 9 ሰዓት በኋላ ወደ ደቡብ ማየት፥ ወይም በጥቅምት ጨለማው እንደ ያዘ ወደ ደቡብ ምዕራብ መመልከት ነው። በታኅሣሥ ደግሞ ኦሪዮን በእኩለ ሌሊት ከራሳችን በላይ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ይታያል። ጨረቃ ሙሉ በሆነች ሌሊት ደካሞቹ ከዋክብት ይጠፋሉ፤ ስለዚህ ጨረቃ የሌለችበት ሌሊት ይመረጣል። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ሠርቀ ሌሊቱን ቈጥረው የጨረቃን ዕድሜ ያስታውቃሉና፥ በቤቱ አቅራቢያ እንዲህ ያለ አዋቂ ያለው ሰው ሌላ መጽሐፍ ሳይገልጥ ሌሊቱን ሊመርጥ ይችላል። ምድሪቱ በመጠኑ እንድትታይ የሚፈልግ ግን ጥቂት ቀን የሆናት ቀጭን ጨረቃ ወደ ምዕራብ ሳትገባ ቢያነሣ ተራራው ለስለስ ባለ ብርሃን ይገለጥለታል።

የመሣሪያው ነገር ብዙ አይደለም። ካሜራው ባለ ሦስት እግር መቆሚያ ላይ ይቆማል፤ ሰፊ ቦታ የሚይዝ ሌንስ፥ ማለት ከ14 እስከ 24 ሚሊሜትር የሆነ፥ ይደረግበታል። የሌንሱ ቀዳዳ እስከ 2.8 ወይም ከዚያ ባነሰ ቍጥር ይከፈታል፤ ቍጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋልና። ብርሃን የመቀበያው መጠን፥ ኢሶ የሚሉት፥ ከ1600 እስከ 6400 ይደረጋል። ካሜራው በጨለማ ራሱ አጥርቶ ማየት ስለማይችል፥ አንድ ብሩህ ኮከብ እንደ ነጥብ እስኪጠራ ድረስ በእጅ ይስተካከላል። ቍልፉ በተነካ ጊዜ ካሜራው እንዳይንቀጠቀጥ ከ2 እስከ 10 ሴኮንድ ቈይቶ እንዲያነሣ ይታዘዛል። ይህ ሁሉ መሣሪያ የሌለውም ሰው ተስፋ አይቍረጥ፤ በዛሬው ዘመን ያሉት አንዳንድ የእጅ ስልኮች በድንጋይ ላይ ተደግፈው ሳይነቃነቁ ቢቀመጡ ከዋክብትን ያነሣሉ።

ስንት ሴኮንድ ይከፈት ለሚለው ጥያቄ መልሱ ልጆችን አንድ ትልቅ ነገር ያስተምራል። ምድር በ23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ በራሷ ላይ ትዞራለች፤ ስለዚህ ከዋክብቱ በየሰዓቱ 15 ዲግሪ ያህል የሚሄዱ ይመስለናል። ካሜራው ብዙ ጊዜ የተከፈተ እንደ ሆነ ኮከቡ ነጥብ መሆኑ ቀርቶ ጭረት ይሆናል። ለዚህም አንሺዎች አንድ ቀላል ሒሳብ አላቸው፤ 500ን በሌንሱ ሚሊሜትር ማካፈል ነው። ሌንሱ 24 ሚሊሜትር ቢሆን 20 ሴኮንድ ያህል፥ 50 ሚሊሜትር ቢሆን ደግሞ 10 ሴኮንድ ይሆናል። የዛሬዎቹ ካሜራዎች ጥቃቅኑን ሁሉ አጥርተው ስለሚያሳዩ ግን ከዚህ ጥቂት ማሳጠር ይሻላል።

ጭረቱን የሚወድ ሰው ደግሞ ካሜራውን ከስፍራው ሳያነቃንቅ 30 ሴኮንድ የሚፈጁ 120 ሥዕሎች በተከታታይ አንሥቶ ቢደርባቸው የአንድ ሰዓት የምድርን መዞር በዓይኑ ያያል። የሰሜን ኮከብ በስሜን ተራሮች ከአድማስ 13 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ይላል፤ እጅን ዘርግቶ ከአንድ ጭብጥ ጥቂት የሚበልጥ ነው። በሎንዶን ከተማ ግን ከ50 ዲግሪ በላይ ነው። ስለዚህ በእኛ አገር ወደ ሰሜን የተነሣ ሥዕል ከተራራው ራስ ላይ እንደ ቀስተ ደመና የቆሙ ክበቦችን ያሳያል፤ ወደ ምሥራቅ የተነሣው ደግሞ ከዋክብት ቀጥ ብለው ሊወጡ ጥቂት ሲቀራቸው ያሳያል። የሎንዶን ልጅ ከቤቱ ሆኖ ከቶ የማያየውን የደቡብ መስቀልንም የእኛ ልጆች ያያሉ። ይህ ለአገራችን የተሰጠ ጸጋ መሆኑን ልጆቻችን ሊያውቁት ይገባል።

አሁን ስለ እውነት ጥቂት እንናገር። ሥዕሉ ዓይን ያላየውን ቀለም ያሳያል፤ ይህ ሐሰት አይደለም። ዓይናችን በጨለማ ቀለምን መለየት ስለማይችል ሁሉን አመድማ አድርጎ ያየዋል፤ ካሜራው ግን ብርሃንን ለብዙ ሴኮንድ እያጠራቀመ በውነት ያለውን ቀለም ይሰበስባል። እንደዚሁም ምድሪቱን በማታ ብርሃን፥ ሰማዩን በሌሊት፥ ካንድ ስፍራ አንሥቶ ሁለቱን ማገናኘት የተለመደ ነው፤ ያደረገው ሰው ግን ይህንኑ ለተመልካች መግለጽ አለበት። ካንድ አገር የተነሣን ጨረቃ አተልቆ በሌላ አገር ተራራ ላይ መለጠፍ ግን ምስክርነቱን ማበላሸት ነው። ልጆች ይህንን በቀላል ነገር ሊመረምሩ ይችላሉ፤ የጨረቃ ስፋት ግማሽ ዲግሪ ያህል ብቻ ስለ ሆነ፥ እጃቸውን ዘርግተው በትንሿ ጣታቸው ጫፍ ሊሸፍኗት ይችላሉ። ልጁ በሐሰት የተሠራ ሥዕልን መለየት ሲማር፥ በሐሰት የተነገረንም ቃል መለየት ይማራል።

ወደዚህ ሥራ ከቤተ ሰብ ጋራ የሚወጣ ሰው ቦታውን በቀን አስቀድሞ ይይ፤ ገደሉንና ጕድጓዱን ይወቅ። ለአካባቢው ሽማግሌዎች ይንገር፤ በሌሊት መብራት ይዞ የሚዞር እንግዳ ሰው ያሠጋልና። በስሜን ከፓርኩ ዘብ ጋራ መሄድ ሥርዓት ነው። ለሕፃናቱ ጋቢና ትኵስ ሻይ አይርሳ። ዓይን ጨለማን በደንብ የሚለምደው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ቈይቶ ስለ ሆነ፥ በዚያ ጊዜ ነጭ መብራት አይብራ፤ ቀይ መብራት ይበቃል። ልጆቹም ዝም ብለው መጠበቅን ይለምዳሉ፤ አባታቸውም በሌላ ሰዓት ያልነገራቸውን ያባቶቹን ታሪክ በዚያ ይነግራቸዋል።

ነገር ግን ጨለማው ራሱ ከጠፋ ካሜራው ምን ይጠቅማል? በ2016 የወጣ የሊቃውንት ምርመራ ከዓለም ሕዝብ ከሦስት አንድ እጅ የሚበልጠው ከሚኖርበት ቦታ ሆኖ ፍኖተ ሐሊብን ማየት እንደማይችል አስታውቋል። በእንጦጦ ተራራ ላይ እያንዳንዳቸው 1 ሜትር ስፋት ያለው መስተዋት የያዙ ሁለት ቴሌስኮፖች ቆመዋል፤ ከበታቻቸው ያለው የአዲስ አበባ መብራት ግን ወደ ሰማይ እየወጣ ያስቸግራቸዋል።

ይህንን ክፉ ነገር ማቅናት ግን ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። በአሜሪካ የፍላግስታፍ ከተማ ሰማይን የሚያውኩ የማስታወቂያ መብራቶችን የሚከለክል ደንብ በ1958 አወጣች፤ በ2001ም በዓለም የመጀመሪያዪቱ የጨለማ ሰማይ ከተማ ተባለች። በአፍሪቃችንም በናሚቢያ ያለው ናሚብራንድ የተባለው ጥብቅ ስፍራ በ2012 ይህንኑ የመሰለ ማዕርግ አገኘ። የሚያስፈልገው መብራቱን ከላይ መክደን፥ ወደ መንገዱ ብቻ እንዲያበራ ማድረግ፥ ነጩን ትቶ ቢጫማውን መምረጥ፥ ሰው በማይሄድበት ሰዓትም መቀነስ ነው። እንዲህ የተደረገ እንደ ሆነ መንገደኛው መንገዱን አይስትም፤ የመንግሥትም ገንዘብ ወደ ደመና እየበራ አይጠፋም።

ከአንባቢዎቻችን ብዙዎቹ በየከተማው መብራት እንዲቆም የሚያዝዙ፥ ወይም ከሚያዝዙት ጋራ የሚመክሩ ሰዎች መሆናቸውን እናውቃለን። ስለዚህ የምንለምናቸው ሁለት ነገር ነው። በቤታቸው፥ በሚመጣው የበጋ ወር አንዲቱን ሌሊት ለልጆቻቸው ሰጥተው፥ የተወለዱበትን አገር ተራራ ከነሰማዩ በአንድ ሥዕል ያንሡ። በመሥሪያ ቤታቸው ደግሞ የመብራት ግዢ ወረቀት ለፊርማ በቀረበላቸው ጊዜ፥ መብራቱ ክዳን እንዳለው አስቀድመው ይጠይቁ። የመጀመሪያው ለልጆቻቸው ሥዕሉን ያስቀምጥላቸዋል፤ ሁለተኛው ሰማዩን ራሱን ያስቀምጥላቸዋል።