ታስሮ የሚኖር የአእምሮ ሕመምተኛ መክሰስ ይችላልን?

ለማስተማር ልምምድ ወደ ቀየት በወጣንበት ወቅት፣ ከትምህርት ገበታው በየጊዜው የሚቀር አንድ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ነበር። ምክንያቱን ብንጠይቀው «አጎቴን እጠብቃለሁ» አለን። ቤቱ ድረስ ሄድን። ሰውየው በጓሮ በኩል ባለች ጎጆ ውስጥ እግሩ በገመድ ከምሰሶው ጋር ታስሯል። ሁለት ዓመት ሆኖታል አሉን። ያን ዕለት ግን በጤናው ነበር የሚያናግረን፦ «ልጆቼ፣ መሬቴን ለእኩል ሰጡብኝ፤ እህሉን አላየሁትም። የት ሄጄ አቤት ልበል?» ከደጅ የቆሙት ሽማግሌ ሳቅ አሉና «የእብድ ክስ አለ እንዴ?» አሉ። እኛም አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስን ሰዎች መልስ አጣን።

ከተመለስን በኋላ ሕጉን ፈልገን አነበብን። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ማንኛውም ሰው ችሎታ አለው ብሎ ይነሣል። ችሎታ የለውም የሚል ወገን ማስረዳት አለበት። አንድ ሰው ስለ ታመመ ብቻ በራሱ ስም የመክሰስ መብቱን አያጣም። የሚያጣው ፍርድ ቤት ሲከለክለው ነው፤ ይህም በፍርድ መከልከል ይባላል። ክልከላውን ሕመምተኛው ራሱ፣ ባል ወይም ሚስት፣ ዘመድ ወይም ዐቃቤ ሕግ ሊጠይቅ ይችላል። ከተከለከለ በኋላ ሕጉ እንደ አካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ይጠብቀዋል፤ ክሱንም የሚያቀርብለት ሞግዚቱ ይሆናል።

ይህ ገደብ በክፋት የተደነገገ አይደለም። የታመመን ሰው አሳስቶ ውል የሚያስፈርም፣ በስሙ ክስ እየከፈተ ንብረቱን የሚበላ ሰው ሞልቷል። ፍርድ ቤቱም ዛሬ የከሰሰውን ነገ በሚረሳ ከሳሽ መድከም የለበትም። ሞግዚቱ ቅን ሰው ከሆነ ሕጉ መልካም ነው። ነገር ግን ሞግዚት የሚሆነው ብዙውን ጊዜ ዘመድ ነው፤ ገመዱን የያዘውም ዘመድ ነው! ታዲያ ሞግዚቱ ራሱን ይከሳል?

ከሁሉ ይልቅ ያከራከረን ቁጥር 342 ነው። ነዋሪው ከሁለት ሺሕ በታች በሆነ ስፍራ፣ ቤተሰቡ በአእምሮው ሁኔታ ምክንያት የሚጠብቀውና መንቀሳቀሱን የሚገድበው ሰው እብደቱ እንደ ታወቀ ይቆጠራል። ለከተማው ሰው መለኪያው ሆስፒታል መተኛቱ ነው፤ ለገጠሩ ሰው ግን የቤተሰቡ ጥበቃ ራሱ ማስረጃ ሆነ። ስላበደ ታሰረ፤ ስለ ታሰረ ደግሞ እብደቱ ታወቀ። ይሁን እንጂ የዚህ ድንጋጌ ውጤት የተወሰነ ነው። በዚያን ጊዜ የፈጸመውን ውል እሱ ራሱ፣ እንደራሴው ወይም ወራሾቹ ሊያፈርሱት ይችላሉ ማለት ነው እንጂ አፉ ተዘጋ ማለት አይደለም። ሽማግሌው የተሳሳቱት እዚህ ላይ ነው።

በሌላ አገርም ይኸው ጥያቄ ተነሥቷል። በአሜሪካ ፍሎሪዳ ኬኔዝ ዶናልድሰን የተባለ ሰው በአባቱ አመልካችነት እ.ኤ.አ. በ1957 ወደ አእምሮ ሆስፒታል ገባና 15 ዓመት ያህል ተያዘ። ከውስጥ ሆኖ ለፍርድ ቤቶች ደጋግሞ ቢያመለክትም አልተሳካለትም። የወጣው በ1971 ነው። በ1975 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ አደገኛ ያልሆነንና በራሱ ወይም በወዳጅ ዘመድ እርዳታ መኖር የሚችልን ሰው እንዲሁ ዘግቶ ማቆየት አይቻልም ሲል ወሰነ። በ1996 ደግሞ የእስረኞችን ክስ የሚገድብ ሕግ ወጣ፤ ድኻ የሆነ እስረኛም የዳኝነቱን ገንዘብ ቀስ በቀስ እንዲከፍል ያስገድዳል። ለሕክምና የተያዙትስ እስረኞች ናቸውን? የሚል ክርክር ተነሣ፤ ብዙ የይግባኝ ፍርድ ቤቶች አይደሉም አሉ። ወንጀል ሠርቶ የተፈረደበት ሌላ፣ ታሞ የተያዘ ሌላ ነውና።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 37 ለማንኛውም ሰው ፍትሕ የማግኘት መብት ሰጥቷል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ወንጀል ፈጽሞ በአእምሮ ሕመም ምክንያት ኃላፊ ያልሆነው ሰው እንኳ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ሲያዝ ትእዛዙ በየሁለት ዓመቱ እንዲመረመር ያዛል። ማንንም ያልበደለው የጓሮ እስረኛ ግን ማን ይመረምረዋል?

ለእርሱ የተተወችው በር በ1958 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከቁጥር 177 ጀምሮ የተጻፈችው ናት። ያለ ሕጋዊ ትእዛዝ የተያዘ ሰው አካሉ ነጻ እንዲወጣ ማመልከት ይችላል፤ ራሱ ካልቻለ ሌላ ሰው ስለ እርሱ ያመለክታል። ሕጉ ያሰረው መንግሥት ነው ወይስ ዘመድ ብሎ አልለየም። ፍርድ ቤቱም ያዡ ሰውየውን ይዞ ቀርቦ ምክንያቱን እንዲያስረዳ ያዛል። በማመልከቻው ላይ የተያዘበት ሁኔታና የሚመሰክሩ ሰዎች ስም ይጻፋል። ይህን ለመጻፍ ጠበቃ መሆን አያሻም፤ ፊደል የቆጠረ ጎረቤት ይበቃል። በገጠር ቀበሌ ያ ጎረቤት ማን እንደሚሆን እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ከአንድ ዓመት በኋላ ደመወዝ ተቀባዮቹ እኛው ነን።

ቤተሰቡን መውቀስ ቀላል ነው። ሕመምተኛው ሌሊት ወጥቶ ገደል እንዳይገባ ነው ያሰርነው ይላሉ፤ እውነት ነው፣ የመንዝ ገደል ቀልድ አይደለም። ጸበልም ወስደውታል። በዚያች ቀን ግን እኛ ወረቀትና እስክሪብቶ በኪሳችን ይዘን «እግዜር ይማርዎ» ብለን ወጣን። ሰውየው እስከ አጥሩ ድረስ በዓይኑ ሸኘን። ወደዚያው ለልምምድ የምትመደቡ ጓደኞቻችን ብትኖሩ፣ የቤቱን አቅጣጫ ከእኛ ጠይቁ።