«ይደርስበታል» እየተባለ የሚያልፍ የትምህርት ዘመን

በዋሽንግተን ዙሪያ ለሚኖር ሐበሻ ሞንትጎመሪ ካውንቲ እንግዳ ስም አይደለም። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው እዚያ ነው፤ የእንጀራ ቤቱም፣ ታክስ የሚሠራልንም ሰው፣ የእሑዱ ቤተ ክርስቲያንም እዚያው ነው። ከዚሁ ካውንቲ የአንድ ተማሪ ጉዳይ ተነሥቶ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ መሄዱን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው።

ልጁ የመማር እክልና የንግግርና የቋንቋ ችግር ነበረበት። እስከ 7ኛ ክፍል በግል ትምህርት ቤት ሲንገታገት ቆየ። በ1997 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ትምህርት ቤቱ እናቱን ጠርቶ ለእሱ የሚሆን ሌላ ቦታ ፈልጉ አላቸው። ወላጆቹ ወደ ካውንቲው ሄዱ፤ ካውንቲው ገምግሞ ዕቅድ አቀረበ። እነሱ ደግሞ ተማሪ የማይበዛበት ክፍልና ጠንከር ያለ ድጋፍ ያስፈልገዋል ብለው በግል አስገቡትና የከፈልነው ይተካልን አሉ። ጉዳዩን የሰማው ዳኛ የሁለቱን ወገን ማስረጃ ሲመዝን ተቀራራቢ ሆኖ አገኘው። እንዲህ ሲሆን የሚሸነፈው የማስረዳት ሸክም የወደቀበት ወገን ነው፤ ሸክሙ የወላጆች ነው ተባለና ተረቱ። ክርክሩ ከፍርድ ቤት ፍርድ ቤት ሲመላለስ ከርሞ በ2005 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ6 ለ 2 ድምፅ ማስረዳት ያለበት አቤት ያለው ወገን ነው ሲል ወሰነ። ልጁ በዚያን ጊዜ ሁለተኛ ደረጃን ጨርሶ ወጥቷል።

የሼፈር ጉዳይ በሚል የሚታወቀው ይህ ውሳኔ፣ ግዛቶች በራሳቸው ሕግ ካልለወጡት በቀር ዛሬም ይሠራል። ኒውዮርክና ኒውጀርሲ ለውጠውታል። የዲሲ ምክር ቤትም በ2014 ባወጣው ሕግ፣ ያቀረበው ዕቅድ ለልጁ ተገቢ መሆኑን የማስረዳት ሥራ በትምህርት ቤቱ ላይ እንዲወድቅ አድርጓል። ዲሲን ከሲልቨር ስፕሪንግ የሚለየውን ኢስተርን አቬኑን ተሻግሮ ቤት የሚከራይ ሰው ስለ ኪራዩና ስለ ፓርኪንጉ እንጂ ስለዚህ መች ያስባል።

እክል ያለበት ልጅ የሚገባውን ትምህርት በነጻ የማግኘት መብቱ ራሱ የመጣው በወላጆች ልፋት ነው። በ1963 ልጆቻቸው የሚታይ ጉዳት ሳይኖርባቸው ማንበብ ያቃታቸው ወላጆች ቺካጎ ላይ ተሰበሰቡ፤ የትምህርት ሊቁ ሳሙኤል ከርክ «የመማር እክል» የሚለውን ስያሜ ያቀረበላቸው በዚያ ስብሰባ ነበር። በ1971 ዲሲ ውስጥ ከትምህርት ገበታ የተባረሩ የሰባት ልጆች ቤተሰቦች የከተማውን የትምህርት ቦርድ ከሰሱ። ቦርዱ ገንዘብ የለኝም አለ። ዳኛ ጆሴፍ ዋዲ ግን በ1972 የገንዘብ እጥረቱ ከሌሎች ይልቅ በእነዚህ ልጆች ላይ ሊከብድ አይገባም ብለው ፈረዱ። በ1975 ፕሬዝዳንት ፎርድ የፈረሙት ሕግ፣ ከ1990 ወዲህ አይዲኢኤ የሚባለው፣ የተወለደው ከእንዲህ ያሉ ክሶች ነው። ኮንግረስ ያኔ ከተጨማሪው ወጪ እስከ 40 በመቶ እሸፍናለሁ ብሎ ነበር፤ ቃሉ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሙሉ ተሟልቶ አያውቅም። ዛሬ በዚህ ሕግ ከሚታቀፉት ከ7 ሚሊዮን በላይ ልጆች ሲሶ ያህሉ የተመዘገቡት በመማር እክል ነው፤ ከሁሉም ትልቁ ክፍል እሱ ነው።

እንግዲህ መብቱ አለ። የእኛ ሰው የሚቸገረው መብቱን የሚያነቃው ወረቀት መሆኑ ላይ ነው። እኛ መምህር እናከብራለን። ልጃችንን አደራ ብለን እንሰጣለን፤ በወላጆች ቀን ሄደን፣ አንገታችንን ሰበር አድርገን «እባክዎን ይከታተሉልኝ» እንላለን። መምህሯም ፈገግ ብላ «አይጨነቁ፣ ይደርስበታል» ትላለች። ክፋት የለባትም። ነገር ግን ከዚያ ንግግር የተነሣ መቆጠር የሚጀምር ቀን የለም። ቀን የሚቆጠረው ወላጅ «ልጄ ማንበብ ስላቃተው ለልዩ ፍላጎት ትምህርት እንዲገመገምልኝ እጠይቃለሁ» ብሎ በጽሑፍ፣ ቀን ጽፎበት፣ ሲያስገባና ለግምገማው ፈቃዱን ሲፈርም ነው። የፌዴራሉ ደንብ ከፈቃዱ በኋላ 60 ቀን ይሰጣል፤ ግዛቱ የራሱ ገደብ ካለው በዚያ ይታያል። ትምህርት ቤቱ አልገመግምም ካለም ምክንያቱን በጽሑፍ መስጠት አለበት። ሁለት መስመር ኢሜይል ይበቃል፤ በአማርኛ ቢጻፍም ጥያቄ ነው።

«መጀመሪያ በትንሽ ቡድን እናግዘው፣ ካልሆነ እናየዋለን» የሚለው መልስ በጣም የተለመደ ነው። እገዛው መልካም ነው፤ ነገር ግን የፌዴራሉ ትምህርት ሚኒስቴር በ2011 ባወጣው ማስታወሻ እንዲህ ያለው እገዛ ግምገማን ለማዘግየት ወይም ለመከልከል ምክንያት እንደማይሆን ግልጽ አድርጓል። ማንበብን ስለሚያስቸግረው እክል ደግሞ «እኛ ዲስሌክሲያ የሚል ቃል አንጠቀምም» የሚባልም ነበር። በ2011 ኒውጀርሲ ውስጥ ጥቂት ወላጆች ስለ ዲስሌክሲያ የጀመሩት እንቅስቃሴ ከግዛት ግዛት ሲዛመት ከቆየ በኋላ፣ በ2015 ሚኒስቴሩ ቃሉን በግምገማም ሆነ በልጁ ዕቅድ ላይ መጻፍ የሚከለክል ሕግ የለም ሲል በደብዳቤ አሳወቀ።

የሚያሸማቅቀን ሌላም ነገር አለ። «ልዩ ፍላጎት» ሲባል ልጃችን ከአእምሮ ሕሙማን ጋር ሊመደብ መስሎን ሳንፈርም የምንመለስ አለን። ሰው ምን ይላል የሚለው ባሕር ተሻግሮ አብሮን መጥቷል። በ1896 ፕሪንግል ሞርጋን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በሕክምና መጽሔት ያቀረበው የ14 ዓመት ልጅ ብልህና በሒሳብ የሚጎብዝ ነበር፤ የገዛ ስሙን መጻፍ ግን ይሳሳት ነበር። ማንበብ አለመቻልና ማሰብ አለመቻል ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ከታወቀ መቶ ዓመት አልፎታል። ቤት ውስጥ «ሰነፍ» የሚባል ልጅ ግን አሁንም አለ።

ለእኛ ልጆች ነገሩን የሚያወሳስበው ቋንቋ ነው። ሕጉ የልጁ ችግር ዋና ምክንያት እንግሊዝኛ አለመቻሉ ከሆነ የመማር እክል አለበት እንዳይባል ይከለክላል። ተገቢ ጥንቃቄ ነው፤ ያለ ምክንያት ወደ ልዩ ክፍል የተገፉ የስደተኛ ልጆች ብዙ ነበሩ። ሆኖም ይኸው ጥንቃቄ በተቃራኒው ይሠራል፤ ልጁ ኢሶል በሚባለው የእንግሊዝኛ መማሪያ ክፍል ስለሆነ ብቻ «ቋንቋው ነው፣ እንጠብቅ» ይባልና ዓመታት ያልፋሉ። እዚሁ የተወለደ፣ ከታናሽ እህቱ ጋር በእንግሊዝኛ የሚጣላ ልጅ እንኳ ቤቱ አማርኛ ስለሚነገር እንዲህ የሚባልበት ጊዜ አለ።

እዚህ ላይ ወላጅ የያዘው፣ በገምጋሚው እጅ ግን የሌለ ማስረጃ አለ። ልጁ ፊደል እንዴት ያዘ? በአገራችን የአብነት ትምህርት መምህሩ ተማሪው ገበታውን በዜማ ስለወረደው ብቻ አያምኑትም፤ ከታች ወደ ላይ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ያስቆጥሩታል፤ መሐል ላይ ጣታቸውን አሳርፈው «ይህ ማን ነው?» ይላሉ። በቃሉ የያዘው ያን ጊዜ ይለያል። ከዚያ ወደ መልእክተ ዮሐንስ ሲያልፍ፣ ፊደሉን ለይቶ እያወቀ ቃሉን ለማገጣጠም የሚጎተት ልጅ ይገኛል። ተመራማሪው ሐይንዝ ቪመር በጀርመንኛ አንባቢ ልጆች ላይ ያሳየው ከዚህ ጋር ይገጥማል፤ ፊደሉና ድምፁ በሚስማሙበት ቋንቋ ዲስሌክሲያ ከስሕተት ይልቅ በማዝገም ይታያል። ስለዚህ በሰንበት ትምህርት ቤት የአማርኛ ክፍል «ያነባል ግን ቀስ ይላል» የተባለ ልጅ በእንግሊዝኛው ሲሰናከል ምልክቱ ሁለት ቦታ ታየ ማለት ነው። ሕጉ ግምገማው የሚቻል እስከሆነ ድረስ ልጁ በሚያውቀው ቋንቋ እንዲደረግ ያዛል። በአማርኛ የሚፈትን ባለሙያ በቀላሉ ስለማይገኝ፣ የእናት ምስክርነት በጽሑፍ ከፋይሉ ጋር ቢያያዝ ትልቅ ነገር ነው።

ስብሰባው ላይ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ የትምህርት ቤቱ ነው። ዲሲ ከ2004 ጀምሮ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አላት፤ አማርኛም በዚያ ከሚሠራባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ የሞንትጎመሪ ትምህርት ቤቶችም ወደ አማርኛ ይተረጉማሉ። ልጁን ራሱን አስተርጓሚ አድርጎ መቀመጥ ግን በእኛ ዘንድ አልቀረም። ሌሊት ሲነዳ ያደረ አባት ጠረጴዛው ላይ ስድስት ሰው ከብቦት «ምን አሉ?» ሲል፣ ልጁ «ደኅና ነው አሉ» ይለዋል። ሌላ ምን ይበል?

አይኢፒ የሚባለው የልጁ የግል ዕቅድ ሲፈረም ብዙዎች እፎይ ይላሉ። እኔ ደግሞ ዋናው ሥራ ያኔ የሚጀምር ይመስለኛል። በሳውዝ ካሮላይና ሻነን ካርተር የምትባል ተማሪ ነበረች፤ ትምህርት ቤቷ በዓመት ሙሉ ትምህርት የአራት ወር የንባብ መሻሻል ግብ አድርጎ አቅርቦ ነበር። ወላጆቿ አንቀበልም ብለው በግል አስተማሯት፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1993 በሙሉ ድምፅ ወጪያቸው እንዲተካ ወሰነ። ያን ውሳኔም የሼፈርንም የጻፉት አንድ ዳኛ፣ ሳንድራ ዴይ ኦኮነር ናቸው። የአራት ወሩን ዓይነት ግብ ዛሬም በየዕቅዱ ላይ ማየት ይቻላል፤ ብዙ ወላጅ ገጹን ሳይገልጠው ይፈርማል።

የማስተማሪያው መንገድም ይጠየቅ። በ2000 የወጣው የብሔራዊ የንባብ ፓናል ዘገባ ፊደልንና ድምፅን በሥርዓት ማስተማር እንደሚጠቅም አስታውቋል። ያም ሆኖ ልጆች ያልገባቸውን ቃል ከሥዕሉና ከዐረፍተ ነገሩ እንዲገምቱ የሚያሠለጥኑ ክፍሎች ከዚያ በኋላ ለሃያ ዓመት ያህል ቀጥለዋል። በ2022 የጋዜጠኛዋ ኤሚሊ ሃንፎርድ የፖድካስት ዘገባ ይህን አደባባይ አወጣው፤ በርካታ ግዛቶችም ሕጋቸውን እያስተካከሉ ነው። ዲስሌክሲያ ላለበት ልጅ መገመት ምንም አይረዳውም። ዕቅዱ ላይ «ንባብ፣ በሳምንት ሦስት ሰዓት» ብቻ ከተጻፈ፣ በምን መንገድ፣ ማን፣ ስንት ልጅ ባለበት ቡድን የሚሉት ይጻፉ ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም።

የትምህርት ቤቱ ግምገማ ካላሳመነ በመንግሥት ወጪ ገለልተኛ ግምገማ መጠየቅ ይቻላል፤ ትምህርት ቤቱ ወይ ይከፍላል፣ ወይ ግምገማዬ ትክክል ነው ብሎ ራሱ ክርክር ይከፍታል። ወላጆች ለምስክርነት ያመጡት ባለሙያ ክፍያ ቢያሸንፉም እንደማይመለስላቸው ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2006 ስለወሰነ፣ ይህ የገለልተኛ ግምገማ መብት ለእኛ አቅም ወሳኝ ነው።

በጣም የሚዘነጉት በ14፣ በ15 ዓመታቸው ከአገር ቤት የመጡት ናቸው። በ2010 ኢትዮጵያ ውስጥ በተደረገ የንባብ ጥናት ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው ታሪክ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም፤ በታችኞቹ ክፍሎችም ዝውውሩ ያለ ፈተና ነበር። ስለዚህ እክል ያለበት ልጅ ከብዙ ማንበብ የማይችሉ ልጆች መሐል ተሰውሮ ያልፋል፤ ትራንስክሪፕቱም ምንም አይናገርም። እዚህ ሲደርስ ደግሞ ችግሩ እንግሊዝኛው ነው ይባላል። አማርኛውንስ ያነብ ነበር ወይ ብሎ የሚጠይቅ ካልተገኘ ማንም አያውቅለትም። ሕጉ እንዲህ ያለውን ልጅ መደበኛ ዲፕሎማ እስኪቀበል ወይም በብዙ ቦታ 21 ዓመት እስኪደርስ ያቅፈዋል። ዲፕሎማውን ከተቀበለ ግን መብቱ እዚያው ያበቃል፤ ሳያነብ ሊመረቅ የተቃረበ ልጅ ካለ ጥያቄው መግባት ያለበት ጋውኑ ከመለበሱ በፊት ነው።