ምግብ ሳይቀርብ ጨጓራ የሚነቃው ስለ ምንድር ነው?

ከጎንደር ተነሥቶ ዳባትን አልፎ ደባርቅ የሚደርስ መንገደኛ፣ የሰሜን ተራሮች ብርድ ፊቱን ሲገርፈው አስቀድሞ የሚፈልገው ትኩስ ነገር ነው። እኛም ባንድ የገበያ ቀን እንዲሁ ሆነን ከመንገድ ዳር ካለ ምግብ ቤት ገባን። ከጓዳው የሚቁላላ ሽንኩርትና በርበሬ ይሸታል። ከጎናችን የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን ከደረታቸው በታች ጫን አድርገው ፊታቸውን አጨፈገጉ።

«ምነው አባባ፣ አመመዎት?»

«ጨጓራዬ ነው ልጆቼ። ሽታው ብቻውን ይቀሰቅሰዋል።»

ከመካከላችን አንዱ ፈገግ አለ። ገና ያልተበላ ወጥ እንዴት ሰውን ያማል? ነገር ግን ሽማግሌው እውነታቸውን ነበር።

ከአንጎል ሥር የሚነሣ፣ ቫገስ የሚባል ነርቭ አለ። ስሙ በላቲን «ዘዋሪ» ማለት ሲሆን፣ በግራና በቀኝ አንገት ወርዶ፣ ልብንና ሳንባን ጎብኝቶ፣ የምግብ ቧንቧን ተከትሎ ጨጓራ ይደርሳል። ዓይን ምግብ ሲያይ፣ አፍንጫ ሲያሸት፣ ሰው ስለ ምግብ ሲያስብ እንኳ፣ አንጎል በዚህ ነርቭ በኩል «ተዘጋጅ» ብሎ ጨጓራን ያዛል። የነርቩ ጫፍ አሴቲልኮሊን የተባለ ንጥረ ነገር ያፈሳል፤ ይህም አሲድ አመንጪዎቹን ሕዋሳት ያነሣሣል። ሂስታሚንና ጋስትሪን የሚባሉ ሌሎች ሁለት መልእክተኞችም በዚሁ ትእዛዝ ተነሥተው ሥራውን ያፋጥናሉ። ለአንድ ማዕድ ከሚመነጨው አሲድ ሲሶ ያህሉ የሚታዘዘው ጉርሻው ጨጓራ ሳይደርስ ነው።

ይህን በግልጽ ያሳየው ሩሲያዊው ኢቫን ፓቭሎቭ ነው። በ1889 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የውሻን የምግብ ቧንቧ አንገቱ ላይ ከፍቶ፣ የተዋጠው ሥጋ ወደ ውጭ እንዲወድቅ አደረገ፤ ከጨጓራውም ላይ ፈሳሹ የሚወርድበት ቀዳዳ አበጀ። ውሻው ይበላል፤ ሆዱ ግን ባዶ ነው። ሆኖም ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የጨጓራው ፈሳሽ ይንጠባጠብ ጀመር። ቫገሱ ሲቆረጥ ግን ውሻው የቱንም ያህል ቢበላ ፈሳሹ ቀረ። ፓቭሎቭ በ1904 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ፤ ውሻው ምንም አላገኘም።

በ1943 ደግሞ በቺካጎ ዶክቶር ሌስተር ድራግስቴት የቁስለኛ ሰው ቫገስ ቆረጠ። አሲዱ ቀነሰ። ነገር ግን ያው ነርቭ ጨጓራ ምግቡን ወደ አንጀት እንዲገፋም ያዛልና፣ ምግቡ በብዙዎቹ ሕመምተኞች ዘንድ ታቁሮ ቀረ። ስለዚህ ሐኪሞች ሌላ መውጫ መክፈት ግድ ሆነባቸው። በአገራችንም የቁስል ጠባሳ የጨጓራቸውን መውጫ ለዘጋባቸው ሰዎች ይኸው ቀዶ ሕክምና ሲደረግ ኖሯል።

ታዲያ ጥፋቱ የነርቩ ነውን? አይደለም። ጤነኛ ጨጓራ ራሱን ከአሲዱ የሚከልልበት ልባስ አለው። አውስትራሊያውያኑ ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል በ1982 ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለውን ተህዋሲ ከጨጓራ አውጥተው ማሳደግ ቻሉ፤ ይህ ተህዋሲ ያንን ልባስ ይጎዳል። ማርሻል በ1984 ተህዋሲውን ራሱ ጠጥቶ ታመመ! አስፕሪንና ዲክሎፌናክን የመሰሉ ማስታገሻዎችም ልባሱን ያሳሳሉ። ቁስል ካለ በኋላ ነው እንግዲህ ቫገስ በሽታ የሚቀሰቅሰው አሲድ የሚያቃጥለው።

ይህን ለሽማግሌው ባጭሩ ነገርናቸው።

«በርበሬውን ልተወው ነው?» አሉ።

በርበሬ የቆሰለውን ያቃጥል ይሆናል እንጂ ቁስሉን የሚያመጣው እሱ እንዳልሆነ አስረዳናቸው። ለብዙ ዓመት ተልባ ሲጠጡ መኖራቸውን፣ ለወገባቸውም ዲክሎፌናክ እየገዙ እንደሚውጡ አጫወቱን። ተልባ ለጊዜው ያለዝብ ይሆናል፤ ተህዋሲን ግን አይገድልም። እሱን የሚያጠፋው ሐኪም መርምሮ፣ አሲድ ከሚቀንስ መድኃኒት ጋር ለ10 ወይም ለ14 ቀን የሚያዝዘው አንቲባዮቲክ ነው።

«አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልንና፣ ዓይነ ምድርዎ እንደ ሬንጅ ጠቁሮ ያውቃል?»

ዝም አሉ። ቆይተው «ሰሞኑን» አሉ።

ይህ የሚደማ ቁስል ምልክት ሊሆን ስለሚችል ለነገ የሚባል ነገር እንዳይደለ ነገርናቸው። ወጡ ሲቀርብ አልነኩትም፤ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ካንዱ ጓደኛችን ጋር ወደ ደባርቅ ሆስፒታል መንገድ ጀመሩ። ሂሳቡን እኛ ከፈልን።