ለቀለም ቅብ ራዲያተርን ስለ ማንሣት

ባገራችን ደጋ የሚኖር ሰው በብርድ ጊዜ የሚሞቀው በምድጃ እሳትና በከሰል ነው። በኤውሮፓ ከተሞች ግን ሙቀት ወደየክፍሉ የሚደርሰው በቧንቧ ነው። ቦይለር የሚባለው መሣሪያ ያሞቀው ውሃ፥ በግድግዳ ላይ በተሰቀለው ራዲያተር በሚባለው ብረት ውስጥ አልፎ ክፍሉን ካሞቀ በኋላ ተመልሶ ወደ ቦይለሩ ይገባል። ብዙ ወገኖቻችን በእንዲህ ያለ ቤት ስለሚኖሩ፥ ግድግዳ ለመቀባት ራዲያተሩን ለጊዜው ስለ ማንሣት ጥቂት ቃል ልንጽፍ አሰብን።

ይህንንም ያሳሰበን በራሳችን የደረሰው ነገር ነው። በ2011 ዓ.ም. በኅዳር ወር በለንደን በወንድማችን ቤት ሳለን፥ እናታችን ካዲስ አበባ የሚመጡበት ቀን ስለ ቀረበ ማደሪያቸውን ለማሳመር ተነሣን። ራዲያተሩን ፈታን፤ ግድግዳውንም ቀባን። የቀለሙ ሽታ እንዲወጣ መስኮቱን ከፍተን ተኛን። በሌሊት ብርዱ ሲበረታ፥ ዘግተነዋል ያልነው ቫልቭ በራሱ ተከፈተ፤ ይህ ቫልቭ ክፍሉ እጅግ ሲቀዘቅዝ ውሃው በረዶ እንዳይሆን እንዲከፈት ሁኖ የተሠራ ነውና። ጥቁር ውሃ ወለሉን ሞላው፤ እናታችን እንዲያገኙት በዝቅተኛ ሣጥን ላይ ያኖርነውን ያባታችንን የብራና ዳዊትም ነካው። ቀድሞ ነበር መጥኖ መደቆስ።

እንግዲህ ሥራው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ቦይለሩን አጥፍቶ ውሃው እስኪበርድ መቆየት ይገባል። ራዲያተሩ በግራና በቀኝ ሁለት ቫልቮች አሉት። አንደኛው እንደ ክፍሉ ሙቀት በራሱ የሚከፈትና የሚዘጋ ሲሆን፥ ቁጥሩን ዝቅ ማድረግ ብቻ አይበቃም፤ ራሱን አውልቆ ለዚሁ የተሠራውን ክዳን ማሰር ያስፈልጋል። ሁለተኛው በመፍቻ ይዘጋል፤ ሲዘጋም ስንት ዙር እንደ ዞረ ቈጥሮ መጻፍ ነው። ለየራዲያተሩ የሚደርሰው ውሃ የሚመጠነው በዚህ ስለ ሆነ፥ ኋላ በዚያው ልክ ይከፈታል።

ቀጥሎ ከሥር ሳፋና አሮጌ ጨርቅ አኑሮ፥ በአንድ መፍቻ ቫልቩን ደግፎ በሌላው ዳዶውን ቀስ ብሎ ማላላት ነው፤ ካልተደገፈ ቧንቧው ይጣመማል። ውሃው መውረድ ሲጀምር ከላይ ያለችውን የአየር ማስወጫ መክፈት ያፈጥነዋል። ውሃው በዝገት የጠቈረ ስለ ሆነ ምንጣፍን ያበላሻል። ራዲያተሩ ከባድ ነውና ሁለት ሰው ሁኖ ያንሣው፤ የቫልቮቹም አፍ በክዳን ይታሰር። እኛ የዘነጋነው ይህን ነበር።

ቀለሙ ሲደርቅ ራዲያተሩን መልሶ፥ ዳዶውን አጥብቆ፥ ቫልቮቹን ከፍቶ፥ አየሩን በማስወጫው ማስወጣት ነው። በብዙ ቤት ቦይለሩ ሲበርድ ግፊቱ ከ1 እስከ 1.5 ባር ይሆናል፤ ከዚህ ቢያንስ ውሃ ይጨመርበታል። በኪራይ ቤት ግን ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አይነካ፤ በውሃ ፈንታ እንፋሎት የሚሄድበትም፥ እንደ ኒውዮርክ አሮጌ ሕንፃዎች፥ ለባለሙያ ይተው።

እናታችን በመጡ ጊዜ የጠቈሩትን ቅጠሎች በእጃቸው ዳሰው፥ «ዳዊቱስ ተርፏል፤ እናንተ ግን ተማሩበት» አሉን። እኛም ስለ ተማርንበት ለሌሎች ጻፍነው።